የእህቴን እጮኛ ልመረምር አሰብ ባሕር ሥር የወረድኩበት ጉዞ

ከአሰብ ከተመለስኩ ወዲህ ጎማ ሊያስጠግን የሚመጣ ሰው ሁሉ ጎማውን ትቶ ባሕሩን ነው የሚጠይቀኝ። የጎሚስታ ቤቴ ንፋስ ስልክ፣ ከዋናው መንገድ ዳር ናት። ካላማዳሪውን በርሜል ውሃ ውስጥ ነክሬ አረፋው ከየት እንደሚወጣ ስፈልግ፣ አንዱ ከኋላዬ ይመጣና አንተም እንዲህ ነበር አረፋ የምታወጣው ወይ ይለኛል። አዎ፣ እንዲያውም ከዚህ የባሰ እለዋለሁ። ከዚያ በኋላ ሥራ የለም። ደንበኛው ይሰበሰባል፣ ጎማው ከመሬት ይጋደማል፣ እኔም ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። አንድ ጊዜ ጽፌው ብገላገል ይሻላል ብዬ ነው ይህን የያዝኩት። አሰብን አየዋለሁ ብሎ የማያስብ ሰው በተቀመጠበት ይጓዝ።

የሄድኩበት ምክንያት እህቴ ጫልቱ ናት። ቤታችን ላፍቶ ነው፤ ከአያቶቻችን ጀምሮ እዚያው እያረስን፣ ላም እያለብን የኖርን ሰዎች ነን። ጫልቱ ክር ፋብሪካ ስትሠራ መላኩ ከሚባል ልጅ ጋር ተዋወቀች። መላኩ ያደገው ሀና ማርያም አካባቢ ነው፤ ምግባሩን ጎረቤት ሁሉ ይመሰክርለታል። ችግሩ ሥራው ነው። አሰብ ወደብ ላይ ጠላቂ ሆኖ ተቀጥሯል። አየር በጀርባው ተሸክሞ ባሕር ሥር ይገባል፣ የመርከብ ሆድ ይፈትሻል፣ የተበላሸውን ይጠግናል።

እናቴ ይህን ስትሰማ ጉድ ፈላ። እሷ የምታውቀው ውሃ ክረምት ላይ ሞልቶ ጥጃ የሚወስደውን ወንዛችንን ነው። ባሕር ውስጥ እያወቀ ለሚገባ ሰው ልጄን ከምሰጥ መሬት ይዋጠኝ አለች። ጫልቱ አለቀሰች፣ እህል አልቀምስም አለች፣ ደግሞ ርቧት በላች። አባታችን ስለሌለ ነገሩ ዞሮ ዞሮ እኔ ላይ ወደቀ። እናቴ አንድ ቀን ጠራችኝና ቁርጡን ነገረችኝ።

«ሂድና በዓይንህ እየው። ሲገባ እይ፣ ሲወጣ እይ። ልጄን መበለት የሚያደርጋት ከሆነ ነገሩ እዚያው ይቅር። የማያደርጋት ከሆነም ንገረኝ። ግን እንዳትዋሸኝ።»

እንግዲህ የእህቴ ትዳር በእኔ ዓይን ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር ግን እኔ ደስታዬን መደበቅ ነው ያቃተኝ። ከናዝሬት ወዲያ አልፌ አላውቅማ።

የይለፍ ወረቀት ለማውጣት ቀበሌ ሄድኩ። ጸሐፊው ለምን ጉዳይ ነው አለኝ። የእህቴን እጮኛ ልመረምር ነው አልኩት። ብዕሩን አስቀምጦ፣ ምርመራማ የእኛ ሥራ ነው ብሎ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ፤ ግን እሱ እስኪስቅ ድረስ ጠብቄ ነው። ማኅተሙን መታልኝ።

እናቴ ለመንገዴ ዳቦ ቆሎ ቋጠረችልኝ። ለመላኩ ግን ምንም አልላከችም፤ ስጦታ ከተላከ እሺታ ይመስላል ብላ ነው። ጫልቱ ደግሞ እናቷ ዞር ስትል ጠብቃ አዲስ ጋቢ ሻንጣዬ ውስጥ ከተተች። ለአሰብ ጋቢ! ፍቅር ሙቀት አይለካም።

የመጀመሪያው ቀን። ደንበኛዬ ጋሽ በቀለ ናቸው ያሳፈሩኝ። አሰብ ቡና የሚያወርድ ባለ ተሳቢ መኪና ይነዳሉ። ሰዓት እላፊው እንዳበቃ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ ከንፋስ ስልክ ተነሣን። ጋሽ በቀለ ከሁሉም ነገር ሁለት ሁለት የሚይዙ ሰው ናቸው። መጠባበቂያ ስኮርታ ጎማ ሁለት፣ ክሪክ ሁለት፣ የውሃ ጀሪካን ሁለት። የማርያም ሥዕል እንኳ ሁለት አላቸው፤ አንዱ ከመስታወቱ በላይ ተለጥፏል፣ አንዱ ከወንበራቸው ሥር ነው። ኬላ ላይ አንዱ ቀናተኛ ካድሬ የላዩን አንሣ ቢለኝ የታችኛው ይጠብቀኛል አሉኝ።

ደብረ ዘይትን እንዳለፍን ካቦርቴን አወለቅኩ፣ ናዝሬት ሹራቤን። ናዝሬት ቁርስ በላን፤ ጥብሱ የእኛን ሠፈር አያክልም፣ ሚጥሚጣው ግን ያስለቅሳል። መተሐራ ልንደርስ ስንል የአንድ ሐይቅ ውሃ መንገዱን ሊያቅፈው ደርሶ ሳይ ልቤ ዘለለ፤ ይሄ ነው ባሕር ማለት? ስል ጋሽ በቀለ በሳቅ መሪውን ሊለቁት ነበር። ይሄ የባሕር ምራቅም አይሆን አሉኝ። ማታ አዋሽ አደርን። አልጋው ብቻውን የሚንጫጫ አልጋ ነበር፤ እኔ ዝም ስል እንኳ እሱ ያወራል። ላፍቶ በዚያ ሰዓት ሰው ሁለት ብርድ ልብስ ደርቦ ይተኛል፤ እኔ ግን አንሶላውንም አሽቀንጥሬ ጣልኩት።

በማግስቱ አፋር በረሃ ገባን። መሬቱ እንደ ተቆላ ገብስ ጠቁሯል። ገዋኔን አልፈን ትንሽ እንደሄድን ጎማ ፈነዳ። ጋሽ በቀለ አልደነገጡም፤ ስኮርታ አለ። ቀየርን። ከዚያ ብዙም ሳንርቅ ሌላው ፈነዳ። አሁንም አልደነገጡም፤ ሁለተኛ ስኮርታ አለ። ሁለተኛው ሲወርድ ግን እንደ ደረቀ እንጀራ ተጣጥፎ ወረደ። ከተጫነ ጀምሮ አንድም ሰው ነፋሱን ለክቶት አያውቅም።

ይሄ ምንድን ነው ብላቸው፣ ለሞራል ነው አሉኝ።

እኔ ሁለቱን ጎማ አንድ ላይ ልጠግን ተቀመጥኩ። ማስቲሹ በፀሐዩ ከእጄ ላይ ይደርቃል፤ ብረቱ ሲነኩት ያቃጥላል። አንድ አፋር ከነቤተሰቡ ግመል እየነዳ መጣ። ቋንቋችን አልተገናኘም። የመኪናውን ጥላ አየ፣ የእኔን ፊት አየ፣ ምንም ሳይል ሄዶ በጢስ የታጠነ ዕቃ ሙሉ የግመል ወተት አመጣ። እኔም እንደ ቤቴ ወግ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ በቃኝ፣ ጠጥቻለሁ አልኩ። እሱ የእጄን ምልክት አምኖ ዕቃውን አንሥቶ ለጋሽ በቀለ ሰጠ። ጋሽ በቀለ ጭልጥ አደረጉት። እኛ ጋ በቃኝ ማለት እንደገና ለምነኝ ማለት ነው፤ በረሃ ላይ ግን በቃኝ ማለት በቃኝ ነው። ከንፈሬን እየላስኩ ጎማዬን ለጠፍኩ። ሰውየው ደግነቱ ስንሄድ ዕቃውን እንደገና ሞላው፤ ያን ጊዜማ ዓይኔን በጨው አጥቤ ተቀበልኩት። ሚሌ ደርሰን ደጅ ላይ በተዘረጋ የገመድ አልጋ አደርን።

በሦስተኛው ቀን ጨው የለበሰ ሜዳ፣ ጥቁር ድንጋይ፣ እንደገና ጨው። ከሰዓት በኋላ ላይ መኪናው አንድ ከፍታ ወጣና ጋሽ በቀለ በአገጫቸው ወደ ፊት አመለከቱኝ። ሰማዩ ሁለት ሆኖ ነበር፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ከዚያ ሳቄ መጣ። ለምን እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ ጋሽ በቀለም ሲያዩኝ ይስቁ ጀመር። ሁለት ጎልማሶች ምንም ሳይባል እየሳቅን አሰብ ገባን።

ጫልቱ አስቀድማ ጽፋለት ኖሮ፣ መላኩ ወደቡ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ቀጭን፣ ፀሐይ ያከሰለው፣ ነጭ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ልጅ ነው። ጎንበስ ብሎ ጨበጠኝና አንቱ እያለ ሻንጣዬን ነጠቀኝ። እኔ ከእሱ በስድስት በሰባት ዓመት ብበልጥ ነው፤ ግን የጫልቱ ታላቅ ወንድም ነኝና ሽማግሌ አደረገኝ። እኔም ፊቴን አኮሳተርኩ። ሳቂታ መርማሪን ማን ይፈራል?

ያደርኩት ኢድሪስ ቤት ነው። ኢድሪስ የአሰብ ልጅ ነው፤ ከመላኩ ይልቅ የቆየ ጠላቂ፣ የቡድኑ አለቃም ነው። አማርኛውን አጥብቆ ይናገራል፤ ሲናገር ቃል ይቆጥባል። ሚስቱ ለሁለት የተሰነጠቀ ትልቅ ዓሣ በየመኖች ምድጃ ጠብሳ፣ ትኩስ ቂጣ ላይ ዘርግታ አቀረበች። እኛ ጋ ዓሣ በጾም ካልሆነ ማን ያስታውሰዋል? እዚህ ግን ለክብር እንግዳ የሚቀርብ ነው። የበላሁትን ብነግራችሁ ታፍሩብኛላችሁ። አልጋችንን ግቢው ውስጥ አወጡልን፤ አሰብ ሰው ቤቱን ለዕቃ ትቶ እሱ ደጅ ነው የሚያድረው። ከጎኔ መላኩ የጫልቱን ጋቢ በዚያ ሙቀት ተከናንቦ ተኛ። ላቡ ይንቆረቆራል፤ ጋቢውን ግን አያወልቅም። አንጀቴን በላው፤ ግን ለእናቴ የሚነገር ማስረጃ አይደለም።

በማግስቱ ሥራቸውን አየሁ። መጀመሪያ የገረመኝ ኮምፕረሰራቸው ነው። የእኔ ጎማ ይሞላል፣ የእነሱ ሳንባ። ቦንቦላ በሚሉት ብረት ውስጥ አየሩን ይጠቀጥቁታል፤ ጠላቂው እሱን በጀርባው አዝሎ ከአፉ በሚያያዝ ቱቦ ይተነፍሳል። ቦንቦላው ጎን አንዲት ማንሻ አለች። ማንሻዋ ወደ ላይ ሆና ነው የሚገባው። አየሩ ሊያልቅ ሲል ትንፋሽ ይከብዳል፤ ያን ጊዜ ማንሻዋን ወደ ታች ይስባታል፣ የተቀመጠው መጠባበቂያ አየር ይለቀቃል፣ በእሱ ይወጣል። ስኮርታ ናት በቃ። ወዲያው ገባኝ።

የቀረውም እንደ ጋሽ በቀለ ሁለት ሁለት ነው። ቢላዋ ሁለት፣ አንዱ እግር ላይ አንዱ ክንድ ላይ። መብራት ሁለት። ከጀልባዋ ሥር ደግሞ አንድ ሙሉ ቦንቦላ በገመድ ተንጠልጥሎ ይጠብቃል፤ ማንም ላይነካው ይችላል፤ ግን በየጠዋቱ ይለካል። ሰውም ሁለት ነው፤ ብቻውን የሚገባ የለም። ከመግባታቸው በፊት ፊት ለፊት ይቆሙና አንዱ የአንዱን ዕቃ እየዳሰሰ ይፈትሻል፤ ቱቦ፣ ማሰሪያ፣ የእርሳስ ቀበቶ፣ ማንሻ። ሙሽራ የሚያለብሱ ሚዜዎች ይመስላሉ። ይህንኑ ውሃው ዳር ሲደርሱ እንደገና ያደርጉታል። አሁን አልተፈተሸም ወይ ብዬ ብጠይቀው ኢድሪስ፣ ያ ያኔ ነው አለኝ።

መላኩና ኢድሪስ አንድ መርከብ ሥር ገቡ። እኔ ጀልባዋ ላይ፣ ጠላቂዎቹ የታሰሩበትን ገመድ ከሚይዘው ሰው ጎን ተቀመጥኩ። አረፋ ብቻ ነው የሚታየው። አረፋ ማየት የዕለት እንጀራዬ ነው፤ እንደዚያን ቀን ግን ተጨንቄበት አላውቅም። ከብዙ ቆይታ በኋላ የሁለቱ ጥላ ከፍ አለና ሊወጡ ጥቂት ሲቀራቸው ቀጥ ብለው ቆሙ። አይወጡም። ተያዙ ብዬ ገመዱን ልጎትት ስነሣ ገመድ ያዡ እጄን በጥፊ መታኝ። ሆን ብለው ነው የቆሙት፤ ሰውነታቸው ከታች የጠጣውን አየር ቀስ ብሎ እንዲተፋ ይጠብቁታል፤ አንተ ብትጎትታቸው ነው የምትጎዳቸው አለኝ። እጄን ጭኔ ሥር ከትቼ ተቀመጥኩ። ወጡ። መላኩ መነጽሩን አንሥቶ ፈገግ ሲልልኝ መኮሳተሬን ረስቼ አጨበጨብኩ።

ማታ ግን ራሴን ጠየቅኩ። እናቴ ሲገባ እይ ብላለች፤ አይቻለሁ። ሲወጣ እይ ብላለች፤ አይቻለሁ። ከመግባትና ከመውጣት መሐል ያለውንስ ማን አየው? እሷ ደግሞ የምትጠይቀኝ ያንን ነው። አስገቡኝ አልኩ። መላኩ ደነገጠ፤ ጋሽ ገመቹ፣ እግርዎ ሥር ልውደቅ፣ ይቅርብዎ አለ። ኢድሪስ ከላይ እስከ ታች አየኝና ዋና ትችላለህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የላፍቶ ወንዝ ያስተማረኝን ነገርኩት። እንግዲያው ነገ እንማራለን አለ።

ትምህርቱ ውሃው ደረታችን ላይ በሚደርስበት ቦታ ነበር። እግሬ ላይ የዳክዬ እግር የመሰለ ጎማ አጠለቁልኝ፤ ጎሚስታ ሆኜ ጎማ ስለብስ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። የመጀመሪያው ሕግ፣ ስትወጣ ትንፋሽህን እንዳትይዝ። የታመቀ አየር ወደ ላይ ሲወጣ ያብጣል፤ ከመጠን በላይ የተነፋ ካላማዳሪ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ አለኝ ኢድሪስ። አውቃለሁ። ደረቴን በመዳፌ ዳሰስኩት።

ከዚያ አየር መካፈልን ተለማመድን። የአንዱ አየር ካለቀ እጁን አንገቱ ላይ እንደ ቢላዋ ያሳልፋል። ጓደኛው የራሱን መተንፈሻ ከአፉ አውጥቶ ይሰጠዋል። ሁለት ጊዜ ይተነፍሳል፣ ይመልሳል፤ ባለቤቱ ሁለት ጊዜ፣ ይሰጣል። እንዲህ እየተቀባበሉ ይወጣሉ። ጎንበስ ብለን ውሃ ውስጥ ገባን፤ እኔ ምልክቱን አሳየሁ። መላኩ ከአፉ አውጥቶ ዘረጋልኝ። እኔስ? እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ግድ የለህም፣ አንተ ቅደም አልኩት በምልክት።

በሕይወቴ ከአፉ አውጥቶ የሰጠኝን ሰው በመጀመሪያው እሺ ብዬ አላውቅም። መላኩስ አማቹን እንዴት ቀድሞ ይተነፍሳል? እሱም ለእኔ ዘረጋ፣ እኔም ወደ እሱ ገፋሁ፣ በሞቴ፣ አይሆንም፣ ቅደም፣ አይ አንቱ ይቅደሙ። ሁለታችንም አየር አጥሮን እየሳልን ብድግ አልን። ኢድሪስ ገመድ ያዡ ትከሻ ላይ ተደግፎ እስኪያለቅስ ሳቀ። ከዚያ ፊቱን ኮስተር አደረገ።

«እዚህ ውስጥ እንግዳ የለም፣ አማች የለም። ሲሰጡህ ውሰድ፤ ሁለት ጊዜ ሳብ፤ መልስ።»

ደግመን ሞከርን። አሁን ተቀበልኩ፣ ግን አንድ ጊዜ ስቤ አፍሬ መለስኩ። ኢድሪስ ጭንቅላቴን በጣቱ ኳኳው። ጉርሻ መች አንድ ላይ ይቆማል ብዬ ለራሴ ነገርኩትና በሦስተኛው ሁለቱን ሳብኩ። ቀኑን ሙሉ ስንጎራረስ ዋልን።

በሚቀጥለው ቀን ነው እውነተኛው። ወደብ ዳርቻው ላይ ፈተሹኝ፤ ቱቦ፣ ማሰሪያ፣ ቀበቶ፣ ማንሻ ወደ ላይ። ጀልባዋ ወደ አንዲት ደሴት ስትጓዝ ነፋሱ የማዕበል ፍንጣቂ ያረጠበውን ሰውነቴን መታው። አሰብ ላይ በረደኝ! መላኩ ወዲያው ጋቢውን አምጥቶ ከነቦንቦላዬ አለበሰኝ። ባሕር መሐል፣ ብረት አዝዬ፣ የዳክዬ እግር አድርጌ፣ ጋቢ ለብሼ ተቀመጥኩ። ላፍቶ ላይ ቢያዩኝ ጠበል በወሰዱኝ ነበር። ስንደርስ ጋቢውን ጎትቼ አወለቅኩ፤ አንድ ቦታ ያዝ አደረገኝ፤ ሳብ አድርጌ አስለቀቅኩት።

መላኩ እንደ ሕጉ ዳግመኛ ሊፈትሸኝ መጣ። ኢድሪስ የራሱን ዕቃ እያጠበቀ ጀርባውን ሰጥቶናል። እኔ ለመግባት ቸኩያለሁ፤ ልጁንም ማድከም መሰለኝና፣ ተፈትሼ የለ፣ አትልፋ አልኩት። እጁን ዘርግቶ ነበር። ሰበሰበው። ታላቅ ሰው በቃኝ ካለ በቃኝ ነው ብሎ።

ገባሁ። ከዚያ በኋላ ያየሁትን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ከታች አምስት ሰው ቢደራረብ የሚደርስበት አሸዋ አለ፤ ከአሸዋው ላይ ድንጋዩ ራሱ አብቧል። ቢጫ ዓሣ፣ ሰማያዊ ዓሣ፣ ሸንተረር የለበሰ ዓሣ፤ የመርካቶ ጥለት ሻጭ ዕቃውን ደፍቶበት የሄደ ይመስላል። አንዱ መጥቶ መነጽሬን ሳመኝ። እኔ ሳቅኩ። ውሃ ውስጥ ሲሳቅ አረፋው ይንዶቀዶቃል፤ ያ ደግሞ ይበልጥ ያስቃል። እየበረርኩ ነበር በቃ፤ ክብደት የለኝ፣ ዕዳ የለኝ፣ ስብሰባ የለኝ። ያን ሁሉ አየር በሳቅ እንደምጨርስ ማን አስቦ።

ትንፋሼ ከበደ። ደስ አለኝ እንዲያውም፤ የተማርኩትን ላሳይ ነው። እጄን ወደ ኋላ ሰድጄ ማንሻዋን ፈለግኩ። ቀድሞውንም ታች ናት። ጋቢው ነው ያወረዳት። መጠባበቂያዬን ሳላውቀው ስተነፍሰው ቆይቻለሁ። እንደገና ሳብኩ፤ ቱቦው ምንም አልሰጠኝም።

እጄ ራሱ አንገቴ ላይ ሄደ። መላኩ ከአጠገቤ ነበር፤ ከገባን ጀምሮ ክንዴ ከሚደርስበት ርቆ አያውቅም። ዓይኑ ሲሰፋ በመነጽሩ አየሁት። ከዚያ መተንፈሻውን ከአፉ አወጣና ዘረጋልኝ። ይሉኝታዬ በአንዴ ጠፋ። ነጠቅኩት። አንዴ ሳብኩ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ አራቴ፤ የምመልስም አልነበርኩም። መላኩ አልነጠቀኝም። በአንድ እጁ ትከሻዬን ያዘ፣ በሌላው መተንፈሻውን እንደያዘ፣ ከከንፈሩ ቀጭን አረፋ እየለቀቀ ዓይን ዓይኔን እያየ ጠበቀኝ። ያ ዓይን ነው ያረጋጋኝ። መለስኩለት። ሁለት ጊዜ ሳበ፣ ሰጠኝ። ሁለት ጊዜ ሳብኩ፣ ሰጠሁት። ኢድሪስ ከጎኔ መጥቶ ቀበቶዬን ጨብጧል፤ ፈጥኜ ወደ ላይ ልፈናጠር ስል ይዞ ያስቀረኛል፤ የራሱንም መተንፈሻ በሌላው እጁ አዘጋጅቷል። ተራዬ ባልሆነ ጊዜ አፌን ከፍቼ አየሩን እየለቀቅኩ፣ ከአረፋዬ ሳልቀድም ቀስ ብለን ወጣን።

ጀልባዋ ላይ ስወድቅ ሳቅኩ። ከዚያ ትንሽ አለቀስኩ። ከዚያ ዳቦ ቆሎ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩ።

መላኩ ግን ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ ቅስሙ ተሰብሯል። ኢድሪስ ማንሻዬን አየ፣ ጋቢውን አየ፣ ከዚያ መላኩን አየ። ለምን ዳግመኛ አልፈተሽከውም አለው። መላኩ ማመካኘት አላማረውም፤ አፈርኩ፣ አትልፋ ሲሉኝ እንቢ ማለት አፈርኩ አለ። እኔ ጥፋቱ የእኔ ነው ብል ኢድሪስ ሊሰማኝ አልፈለገም፤ እሱ እንግዳ ነው፣ ሕጉን የምታውቀው አንተ ነህ ብሎት፣ ለጥቂት ቀናት ባሕር እንዳይገባና የሌሎቹን ዕቃ ብቻ እንዲፈትሽ አዘዘው። መላኩ እሺ አለ። ማታ ምግብ አልበላም። አልጋዬ አጠገብ መጥቶ ቆመ።

«ለእናትዎ እንዳለ ይንገሯቸው። ጫልቱን ባጣትም በውሸት አላገባትም።»

የመመለሻው መንገድ ያው መንገድ ነው፤ ጨው፣ ድንጋይ፣ ግመል። ጋሽ በቀለ ሁለቱንም ስኮርታ አሰብ ላይ አስለክተው ነበር፤ እንደዚያ ሲሆን ደግሞ አንድም ጎማ አልፈነዳም። እኔ ግን ከአሰብ እስከ ናዝሬት ለእናቴ የምለውን ስሸምን መጣሁ። ጋቢውን ብተወውስ? ማንሻውን ብዘለውስ? ዓሣዎቹን ብቻ ብነግራትስ? ሲዳሰስ ሁሉም እንዳትዋሸኝ ካለችው ቃል ጋር ይጋጫል። ቃሊቲ ስንደርስ ብርዱ ፊቴን ሲነካኝ ሁሉንም እንዳለ ልነግራት ቆረጥኩ።

ላፍቶ የደረስኩት ከብት ሲገባ ነው። እናቴ እግሬን እንኳ ሳታሳርፈኝ በረቱ ደጃፍ ላይ ተቀመጥ አለችኝ። ጫልቱ ላሟን ልታልብ ቅል ይዛ ቆማለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ሁሉንም ተናገርኩ። ቢላዋውን፣ የተንጠለጠለውን ቦንቦላ፣ መፈታተሹን፤ ጋቢውንም፣ አትልፋ ማለቴንም፣ ማንሻዋንም። ጋቢው ላይ ስደርስ እናቴ ጫልቱን በዓይኗ ገረመመቻት። አየሩ አለቀ ስል እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጨረስኩ። እጇን ከአፏ አውርዳ ጠየቀችኝ።

«የራሱን ሲሰጥህ፣ እሱ ምን ይተነፍስ ነበር?»

«ምንም እማዬ። እኔ እስክመልስለት ይጠብቃል።»

«ባትመልስለትስ?»

እሱን እኔም እስከዚያች ደቂቃ አላሰብኩትም። እናቴ በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገች።

«ሽማግሌ ይላክ በለው። ግን አንተን ሊያሳጣኝ የነበረው ባሕሩ አይደለም፣ እፍረቱ ነው። ከእንግዲህ እዚህ ቤት እንዳያፍር ንገረው። አንተንም፣ እኔንም፣ እሷንም።»

ጫልቱ ቅሉን ለቀቀችው። ለካ ጥጃውን ሳታስር ነው ጆሮዋን የሰጠችን፤ ዞር ብለን ስናይ ጥጃው የማታውን ወተት በሙሉ ጠብቶ ጨርሶ አፉን ይልሳል። በሌላ ቀን ቢሆን እናቴ ጩኸቷ ንፋስ ስልክ ይሰማ ነበር። ያን ማታ ይጥባ አለች።